የዓሣ ሽታ በእናቴ ሳሎን

«አፍንጫ አለኝ እኮ ማርታ፤ ስልሳ ዓመት ያሸተትኩበት አፍንጫ ነው» አለች እናቴ። «ሳሎኔ ዓሣ ዓሣ ይላል። በዚህ ግቢ ካንቺ ሌላ ዓሣ የሚነካ ሰው ካለ ንገሪኝና ዝም ልበል።»

ማርታ የሳሎናችን ደፍ ላይ ቆማለች። ጫማዋን ውጭ አውልቃለች፤ ግቢ ያላት ግን የለም። ከሰኞ ጀምሮ ዓሣ እንዳልመጣላት፣ ከአባያ ሐይቅ ዳር የሚያመጣላት ሞተረኛ በጭቃው ምክንያት መውጣት እንዳቃተው ለሦስተኛ ጊዜ አስረዳች።

«ባልዲውን መጥታችሁ እዩት፤ ደርቃለች» አለች።

«እንግዲያው ልብስሽ ነው የሚሸተው።»

«ልብሴ እኔ ቤት ነው የምትሰቀለው እትዬ። እናንተ ሳሎን ማን አመጣት?»

መልሷ ጥሩ ነበር። እኔ ደግሞ በዚያ ዘመን ጥሩ መልስ ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ አልወድም። ከተጋደምኩበት ሶፋ ሳልነሣ፣ እንደ ዘበት፣ ሁለት ስንኝ ጣልኩ፦

አባያን ጨልፋ ጓሮ ደፋችብን፤
መስኮት ብንከፍትም ዓሣው ዋኘብን።

እናቴ ሳቀች። በአጥሩ ማዶ ልብስ ታሰጣ የነበረች ጎረቤታችንም ሰምታ ሳቀች፤ ድገመው አለችኝ፤ ደገምኩት። ማርታ ለአንድ አፍታ ዐየችኝና ጎበዝ ነህ አለች። እናቴ ሳቋን ስትጨርስ ፊቷን አጠንክራ፣ እስከ እሑድ ክፍሉን እንድትለቅ ነገረቻት። ሐሙስ ጠዋት ነበር። እሑድ ጊፋታ ነው። ለወላይታ ሰው በአዲስ ዓመቱ ቀን ከቤት ውጪ መባል ምን ማለት እንደሆነ እናቴም ታውቃለች፣ እኔም ዐውቃለሁ። ሁለታችንም እንደማያውቅ ሰው ሆንን።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። አባቴ ትቶልን በሞተው ቤት፣ ሶዶ ከተማ፣ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። አያቴ ከሰሜን በጸሐፊነት መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። እናቴም በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ሠርታ ጡረታ ወጥታለች። ቤታችን ከፊት ሲታይ የብሎኬት ይመስላል። የሚመስለው ሲሚንቶ ስለተለሰነ ነው እንጂ ውስጡ እንጨት፣ ጭቃና ጭድ ነው። ከጓሮ ያለውን አንድ ክፍል ማርታ ከተከራየችው ሁለት ዓመት አልፏታል። አርባ ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ ትውልዷ እዚሁ ወላይታ፣ ዲምቱ ነው፤ ባሏ ሞቷል። መናኸሪያው አጠገብ ዓሣ ጠብሳ ትሸጣለች። አማርኛን የተማረችው ከገበያ ነው፤ ወንዱንና ሴቱን ታቀያይራለች። እኔ ይህን አነጋገሯን ጓደኞቼ ፊት እየቀዳሁ አስቅ ነበር። በዕድሜ እናቴ ልትሆን ምንም ያልቀራትን ሴት «እትዬ» ብዬ ጠርቻት አላውቅም፤ ማርታ ብቻ ነበረች።

ራሴን ገጣሚ ብዬ ነበር የምጠራው። ማንም አላስተማረኝም። ከአሮጌ መጽሔትና ከሰው አፍ ለቃቅሜ፣ ሌሊት ጽፌ፣ ጠዋት ቀድጄ የተማርኩት ነው። አገር ጠበበኝ እያልኩ ከአራዳ እስከ መናኸሪያው በቀን ሦስት ጊዜ እመላለሳለሁ። ሰው የማያየውን አያለሁ ብዬም አምናለሁ። የቀን እንጀራዬ ግን ኤሌክትሪክ ነበር። እሱንም በወጉ አልተማርኩትም። ጋሽ ዳልኬ ከሚባል አንጋፋ ባለሙያ ጋር አንድ ዓመት ተኩል ሠራሁ፤ የጎደለውን ከስልኬ ቪዲዮ ሞላሁና ለብቻዬ ወጣሁ።

ከጋሽ ዳልኬ የተለየሁት ቀርፋፋ ስለሆነብኝ ነው። የብሬከር ሳጥን ሲገጥም የእያንዳንዷን ሽቦ ብሎን አጥብቆ ሲያበቃ፣ ሽቦዋን በጣቱ ይዞ ይስባታል። ካልመጣች ብቻ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ሳጥኑ የብረት ካልሆነ አይነካም። የእንጨት ግድግዳ ከሆነም ከሳጥኑ ጀርባ ላሜራ ያስገባል። ሽቦ ያልገባበትን ቀዳዳ ሁሉ ይደፍናል። ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ ከሳምንት በኋላ መመለሱ ነበር። ማንም ሳይጠራው ካቻቢቴውን በኪሱ ይዞ ይሄድና ብሎኖቹን ሁሉ እንደገና ያጠብቃል፤ ሽቦ ሲሞቅና ሲበርድ ይላላል ይላል። ለዚህ ጉዞው ስም አውጥቶለታል፤ «መልስ» ይለዋል። ሙሽራ ከሠርጓ በኋላ ወላጆቿ ቤት መልስ እንደምትጠራው፣ ሳጥንም መልሱን ካላየ ተዳረ አይባልም ባይ ነው። ደንበኞቹ ይስቃሉ፤ እሱ ግን ይመጣል። እኔ ይህን ጊዜ ማባከን አልኩት።

ጊፋታ ሲቃረብ ሶዶ ውስጥ ቤቱን የማያድስ የለም። ልጆች ከያሉበት ይመጣሉ፤ ግድግዳ ይቀባል፣ መጋረጃ ይለወጣል፣ የኤሌክትሪክ ምድጃና ፍሪጅ ይገዛል። አሮጌው ፊውዝ ይህን ሁሉ መሸከም አይችልም። በዚያ ወር ለስምንት ቤት የብሬከር ሳጥን ገጠምኩ፤ ስድስቱ ሶዶ፣ ሁለቱ ቦዲቲ። አንዱም መልስ አላየም። ዘጠነኛው የእናቴ ነበር።

የእናቴን የሠራሁት ከሰዓት በኋላ ግጥም የማነብበት ዝግጅት በነበረኝ ቀን ነው። ሳጥኑ ፕላስቲክ ነው፤ የብረቱን ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ መዞር ታከተኝ። ቁራጭ ኮምፔርሳቶ ግድግዳው ላይ መታሁና ሳጥኑን እሱ ላይ አሰርኩት። የመጨረሻዋ ከቆጣሪው የምትመጣዋ ዋና ሽቦ ነበረች። ብሎኗን ሳጠብቅ የሆነ ቦታ ላይ መክበድ ሲገባት እንዲሁ ዞረች። ሽቦዋ የገባችው መያዣው ውስጥ ሳይሆን ከመያዣው ጀርባ ነው። ነክታ ቆመች እንጂ አልተያዘችም። ያን ጊዜ እንዲህ በቃላት አላሰብኩትም፤ ጣቴ ግን ዐውቋል። ሰዓቴን ዐየሁ። አልሳብኳትም። ክዳኑን ገጥሜ አበራሁ፤ ቤቱ ሁሉ በራ፤ እናቴ መረቀችኝ። ከዚያ ሳጥኑ ሳሎኔን አበላሸው ብላ ራሷ የጠለፈችውን ጨርቅ ከላይ እስከ ታች አለበሰችው።

ሽታው የጀመረው እሷ አዲሱ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ አዘውትራ መጣድ በጀመረች ሰሞን ነው።

ዓርብ ጠዋት መብራት ጠፋ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልመጣም። በእነዚያ ሰዓታት ሳሎናችን ቀለም ቀለም ብቻ ሸተተ። እናቴ ደስ አላት፤ ማርታ የተስተካከለችው ስለተቆጣኋት ነው አለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ሲመጣ ምድጃዋን አበራች። ሳይቆይ ሽታው ተመለሰ። እናቴ በንዴት መስኮቶቹን ከፋፍታ ወደ ጎረቤት ወጣች።

ማርታ ጓሮ ሆና ታየን ነበር። እናቴ መውጣቷን አይታ ወደ እኔ መጣች። በረንዳ ላይ ነገ ለበዓሉ ዋዜማ በሚደረግ ዝግጅት የማነበውን ግጥም እያጠናሁ ነው። ቆማ ጠበቀች። ቀና ስል ነገረችኝ፤ ንግግሯን ዛሬም በድምፅዋ እሰማዋለሁ።

«ናቲ፣ ዓሣ ሥራዬ ነው። ዓሣ ስትበላሽ መጀመሪያ ውሃዋ ነው የሚሸተው። ይሄ ውሃ የላትም። ደረቅ ናት፤ አፍንጫን ታቃጥላለች። ደግሞ መብራት ሲጠፋ ትጠፋለች፣ መብራት ሲመጣ ትመጣለች። ለዓሣ መብራት ምን ያደርጋል?»

ሳቅሁ። ለመጥበሻ ነዋ አልኳት። አልተቆጣችም። ስለ ክፍሉ እንዳልመጣች፣ መውጣቱን እንደምትወጣ፣ ግን ያን የተሸፈነውን ሳጥን ገልጬ እንዳየው ለመነችኝ። እናቴ በር ስትከፍት ሽታው ከዚያ ግድግዳ በኩል ነው የሚመጣው አለች። ከዚያ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ዕቃዋን ማሰር ጀምራ ነበር።

ብቻዬን ስሆን ወደ ሳሎን ገባሁ። የእናቴን ጥልፍ ሳልገልጥ፣ ከላይ፣ መዳፌን ሳጥኑ ላይ አሳረፍኩ።

ሞቋል።

ቆጣሪው ሥር ያለውን ብሬከር ለማጥፋት ወደ ውጭ ሃያ እርምጃ ነው። ካቻቢቴዬ ከአልጋዬ ሥር ነው። አሥር ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። ግን ሳጥኑን ከከፈትኩ ለእናቴ መናገር አለብኝ። ለእናቴ ከነገርኩ ማርታ በግፍ ነው የተባረረችው ማለት ነው። ስንኜም ስንኝ መሆኑ ይቀርና ስም ማጥፋት ይሆናል። የእናቴ ሳጥን እንዲህ ከሆነስ ሌሎቹ ስምንቱ? ይህ ሁሉ መዳፌ ጨርቁ ላይ እንዳለ መጣብኝ። ከመስኮቱ የገባ ፀሐይ ነው ያሞቀው አልኩ። ያ ግድግዳ ፀሐይ አይቶ አያውቅም። ሰው የማያየውን አያለሁ የምለው ልጅ፣ እጄን አንሥቼ ወደ ወረቀቴ ተመለስኩ።

ቅዳሜ እናቴ የነገውን በዓል ቦሎቄ ምድጃ ላይ ጥዳ ወደ ለቅሶ ሄደች፤ በሩን ከውጭ ቆለፈችው። እኔ ዝግጅቱ ላይ ነበርኩ። ማርታ ያን ቀን ዓሣ መጥቶላት እንደነበር በኋላ ሰማሁ። የመናኸሪያ ባጃጅ ነጂዎች ግን የእኔን ስንኝ ሰምተው እየተቀባበሉ ዘፈኑባት። በአጥር ማዶ የሳቀችው ጎረቤታችን እዚያ ሻይ ታፈላለች። ሰዎች እየሳቁ አለፉ። ማርታ ሳይሸጥላት ሳፋዋን እንደሞላ ተሸክማ በስምንት ሰዓት ቤት ገባች። ቤት የተገኘችው በዚህ ምክንያት ነው። በእኔ ስንኝ ምክንያት።

አዳራሹ ውስጥ ሦስተኛው አንባቢ እኔ ነበርኩ። ግጥሙ መሀል ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ቆም አለና እንደገና ተንቀጠቀጠ። አላቋረጥኩም። እስከ መጨረሻው ስንኝ አነበብኩ፤ አጨበጨቡልኝ፤ ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩ። ስወርድ አምስት ያልተመለሰ ጥሪ ነበር። ስድስተኛው ሲመጣ አነሣሁት። አንድ ጎረቤታችን ነው፤ ቤታችሁ እየተቃጠለ ነው አለኝ።

ባጃጁ ውስጥ የማስበው ስለ እናቴ ነበር። ከለቅሶ ቀደም ብላ ተመልሳ ከሆነስ? ስንደርስ እናቴን አጥሩ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ነጠላዋ አመድ ለብሷል፤ ደህና ነች። ጭሱ ከጣራው ሥር እየሳሳ ይወጣ ነበር። እሳቱ ጠፍቷል። ሰዎች ባልዲ ይዘው ቆመዋል፤ የሚያደርጉት ግን የለም። የጠፋው እነሱ ሳይደርሱ ነው።

የሆነውን ካዩት ሰዎች ለቃቅሜ እንዲህ ሰማሁት። ማርታ ዕቃዋን ስታስር ሽታው በረታባት። ወጥታ ስታይ ከሳሎኑ መስኮት ጢስ ይወጣል። ውሃ አላነሣችም። መጀመሪያ ወደ ቆጣሪው ሮጣ ብሬከሩን በመጥረጊያ እንጨት መትታ አጠፋችው። ከዚያ መስኮቱን በድንጋይ ሰብራ ገባች። ጥልፉ ተቀጣጥሎ፣ ኮምፔርሳቶው ነድዶ፣ እሳቱ የልስኑን ስንጥቅ ተከትሎ ወደ ጭዱ ሊገባ ነበር። ጨርቁን በእጇ ጎትታ አወረደችው። የሳጥኑ ክዳን ቀልጦ ከጨርቁ ጋር ወረደ፤ የወረደው ቀኝ እጇ ላይ ነው። በዚያው እጇ ከእናቴ የአበባ ማሰሮዎች አፈር እየዘገነች ግድግዳውን ደፈነችው። ጎረቤቶች በሩን ሰብረው ሲገቡ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ እጇን ከፊቷ ዘርግታ ታየው ነበር አሉ።

ሆስፒታል ወሰዷት። እናቴ ማታ ሾርባ ይዛ ሄዳ፣ ክፍሉ በር ድረስ ደርሳ፣ ሳትገባ ሾርባውን ለነርሷ ሰጥታ ተመለሰች። ይህን ራሷ አይደለችም የነገረችኝ።

እሑድ የበዓሉ ሰው ሁሉ መጣ። ሁሉም ገብቶ የጠቆረውን ግድግዳ ያይና «ኮንታክት ነው» ይላል። በእኛ ከተማ ቤት ሲቃጠል ኮንታክት ነው። ይህን ቃል የሚናገር ሰው ፊት ላይ እረፍት አይቻለሁ። ኮንታክት አባት የለውም፣ እናት የለውም፤ ማንም ብሎኑን አልጠመዘዘውም። እንደ መብረቅ የወረደ ነው። እኔም ዝም አልኩ። ዝምታዬን ሐዘን አድርገው ወስደው አጽናኑኝ።

ሰኞ ጋሽ ዳልኬ ሳንጠራው መጣ። ወሬው ደርሶት ነው። መብራቱ ቆጣሪው ላይ መጥፋቱን ራሱ አረጋግጦ ግድግዳው ፊት ቁጢጥ አለ። የቀለጠውን ፕላስቲክ በካቻቢቴው ጫፍ እየፈቀፈቀ ዋናዋን ሽቦ አገኛት። በሁለት ጣቱ ይዞ ሳባት። ያለ ምንም ትግል እጁ ላይ ቀረች። ለረጅም ጊዜ አያት። ቀና ብሎ አላየኝም፤ ቢያየኝ ይሻለኝ ነበር።

እናቴ ዓሣው ምን እንደነበር ጠየቀችው። ይህ ጠጣር ፕላስቲክ በእሳት ሳይሆን በቀስታ ሲጋል ዓሣ ዓሣ እንደሚል፣ በዕድሜው ብዙ ጊዜ እንዳጋጠመው ነገራት። እናቴ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ቆይታ፣ እንዲህ ከሆነ ብሬከሩ ለምን አልወደቀም አለችው።

«ብሬከር የኃይል ብዛትን ነው የሚያየው፣ እትዬ» አላት። «ልል ነገር አያይም። ልል ነገር የሚያየው እጅ ነው።»

ሲወጣ በረንዳው ላይ ሌላ የት የት እንደሠራሁ ብቻ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና ሄደ።

እናቴ ከኋላዬ ቆማ ሰምታለች። ወደ ውስጥ ጠርታኝ፣ ሰው ሁሉ ኮንታክት ብሎ ጨርሶታል፣ አንተ አትቀስቅሰው አለችኝ። ጋሽ ዳልኬ ወሬኛ አይደለም። ስሜ አንዴ ከጠፋ በዚህ ከተማ ሽቦ የሚያስነካኝ እንደሌለ፣ ግጥም ደግሞ እንደማያበላ ነገረችኝ። ማርታን እኔ እክሳታለሁ፣ ክፍሉም የእሷ ነው አለች።  አልፈረድኩባትም። ልጇን ነበር የምትሸፍነው፤ ሳጥኑን በጥልፍ እንደሸፈነችው ሁሉ በፍቅር።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ከዚህ በኋላ ስላለው ነገር ጥሩ ሰው ሆንኩ ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። ስምንቱንም ቤት ዞሬያለሁ። በየበሩ ቆሜ፣ የሠራሁት ሥራ አደገኛ ሊሆን ይችላል፣ ልከፍተው ፍቀዱልኝ ብያለሁ። በበዓል ሰሞን እንዲህ የሚል እንግዳ ማን ደስ ብሎት ያስገባል? አንዱ ሰድቦኛል፤ አንዷ ጋሽ ዳልኬን ካላመጣህ አትነካውም ብላኛለች፤ አመጣሁት። አብዛኞቹ ደህና ነበሩ። ቦዲቲ ያለው አንዱ ቤት ግን ሳጥኑ ከመሶብ መደርደሪያ ጀርባ ነበር፤ እጄን ሳሳርፍበት ሞቋል። ቤተሰቡ እዚያው ሥር ተሰብስቦ ምሳ ይበላ ነበር። መብራቱን አጥፍቼ ክዳኑን ከፈትኩ። ጠቁራ፣ ልባሷ ተልጦ፣ አንዲት ሽቦ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ቀንሷል። የሚጠሩኝ ጥቂቶች ናቸው፤ ለእነሱ ከሳምንት በኋላ እመለሳለሁ። ይስቁብኛል። ስለ ሰው ስንኝ መጣልም ትቻለሁ፤ ስለምፈራ ነው እንጂ ስለተቀደስኩ አይደለም። ቃል ከአፌ ወጥቶ መናኸሪያ ለመድረስ ሁለት ቀን ነው የፈጀበት። እኔ ግን ሃያ እርምጃ ሄጄ ብሬከር ማጥፋት አቅቶኝ ነበር።

ቤታችሁ ውስጥ ያልገዛችሁት ዓሣ ከሸተታችሁ ሰው አትጠርጥሩ። መብራቱን አጥፉና ባለሙያ ጥሩ። የሸፈናችሁትን ግለጡ። አሳምሮ የገጠመላችሁን ልጅ፣ ዘመድም ቢሆን፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ስቦ ያሳያችሁ ዘንድ ጠይቁት። ቢቀየማችሁ ይቀየም። ደግሞ በአነጋገሩ የምትስቁበት ሰው አንድ ነገር እዩ ሲላችሁ፣ ሄዳችሁ እዩ።

በየቤቱ የዞርኩት ግን ሕሊናዬ ቀስቅሶኝ እንዳይመስላችሁ። ልኮ ያስኬደኝ ሰው አለ፤ የቀረኝ እሱን መናገር ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ማርታ ከሆስፒታል ወጥታ መጣች። ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሁለት ጣቶቿ እንደ ድሮው እንደማይታጠፉ ተነግሯታል። ዓሣ የሚበልት እጅ ያለ ጣት ምን ይሠራል? ባጃጅ ከውጭ ይጠብቃታል። እናቴ ሮጣ ወጥታ አንገቷን ልታቅፋት ሞከረች፤ ክፍሉ የአንቺ ነው፣ የትም አትሄጂም አለቻት።

«እሑድ ውጪ ብለውኝ የለ እትዬ?» አለች ማርታ። «ሦስት ቀን አሳለፍኩ። ይቅርታ።»

እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ ቤት ገባች። እኔና ማርታ ጓሮ ቀረን። ዕቃዋ ቅዳሜ እንዳሰረችው ነበር፤ ሁለት ፌስታልና አንድ ጥቅል። ሁለቱን ፌስታል ባጃጅ ነጂው ወሰደላት። ለጥቅሉ ጎንበስ ስትል፣ እናቴ አትናገር ያለችኝን ተናገርኩ። እትዬ ማርታ ብዬ ጀመርኩ። ብሎኗን፣ ሰዓቴን ማየቴን፣ አለመሳቤን ነገርኳት። ሁሉንም ሳትንቀሳቀስ ሰማች። ከዚያ የዓርቡን ነገርኳት፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ገብቼ እጄን አሳርፌበት ነበር አልኩ።

«ሞቃ ነበር?»

«አዎ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ተለወጠ። ወደ ታሠረው እጇ ዐየች፤ ወደ እኔ እጅ ዐየች። ማልቀስ ጀመርኩ። ይቅር በይኝ አልኳት፤ ደጋግሜ ሳልለው አልቀረሁም። እስክጨርስ ጠበቀች።

«ሌላ ስንት ቤት ሠርተሃል?» አለች።

«ስምንት።»

«ሄደህ አየሃቸው?»

ፊቴን በእጅጌዬ ጠረግሁ።

«አላየሃቸውም» አለች። «ዛሬ በየቤቱ ምድጃ በርታለች። ልጆች መጥተዋል። አንተ እዚህ ቆመህ ለእኔ ታለቅሳለህ።»

ጥቅሉን ልይዝላት እጄን ዘረጋሁ። በግራ እጇ ቀድማ አነሣችው።

«እሱን ተወው። ካቻቢቴህን ያዝ» አለችና ጥቅሉን ብብቷ ሥር ጨምቃ ወደ ግቢው በር ሄደች። የምትከፍትበት እጅ አልነበራትም። ቆርቆሮውን በትከሻዋ ገፋችው፤ ወጣች፤ በእግሯ መልሳ ዘጋችው።